ታካሚ ሆኖ የሚናገር ማሽን፦ የምዕራብ ሸዋ ነርስ ተማሪዎችና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የሃያ አራት ዓመት ወላድ በቃሬዛ ተይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ገባች። ቤቷ ከወለደች ሁለት ሰዓት ሊሞላት ነው። አማቷ እየቀደሙ ያወራሉ፤ ባሏ የቃሬዛውን ጫፍ እንደያዘ ዝም ብሏል። ተረኛዋ ነርስ ገና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት።

«ደሙ መቼ ጀመራት እማማ?»

«መንገድ ላይ ነው የኔ ልጅ። ሕፃኑ ደኅና ነው፤ እሷ ናት የደከመችብን።»

«ስንት ጨርቅ ረጠበ?»

«ኧረ ማን ቆጠረው! ነጠላዬንም አስሬላት ነበር።»

«እንግዴ ልጁስ ሙሉውን ወጥቷል?»

አማትየዋ ወዲያው አልመለሱም። «የወጣ መሰለኝ። ያየችው ያዋለደቻት ሴትዮ ናት።»

ወላዷም፣ አማትየዋም፣ ቃሬዛውም በእውን የሉም። ይህ ለነርስ ተማሪዎች ልምምድ ሊዘጋጅ የሚችል ኬዝ ነው፤ ለዚህ ዘገባ ማሳያ እንዲሆን የጻፍነው ነው። ቦታው ሸነን ነው፤ በምዕራብ ሸዋ ዞን ከአምቦ በስተደቡብ ምዕራብ ባለው የጅባት ደጋ። ተማሪዋ ስልኳ ላይ ጥያቄ ትጽፋለች ወይም ትናገራለች። አማትየዋን ሆኖ የሚመልስላት ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ለነጠላዋ ትኩረት ካልሰጠች ማንም አያስታውሳትም። የእንግዴ ልጁን ነገር ካልጠየቀች ማንም አይነግራትም። ደሙ ግን መፍሰሱን ይቀጥላል።

በዓለም ዙሪያ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለውን ልምምድ መሞከር ጀምረዋል። የዚህ ዘገባ ጥያቄ ቴክኖሎጂው አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪና ሸነን ላሉ ጤና ተቋማት የሚዘጋጁ ተማሪዎችን በምን ይጠቅማል፣ ምንስ ካልተሟላ ይጎዳል የሚል ነው።

በሰው ላይ መማር

የነርስነት ሙያ በንባብ ብቻ አይያዝም። ተማሪዎች መጀመሪያ ስኪል ላብ ገብተው በማኒኪን (በሰው አምሳያ) ላይ መርፌ መውጋት፣ ካቴተር ማስገባት፣ ቁስል ማጠብ ይለማመዳሉ። ከዚያ ወደ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ለተግባር ልምምድ ይወጣሉ። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ነው። የጤና ትምህርት ቤቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ተማሪ መቀበል ሲጀምሩ አልጋው፣ መምህሩና ታካሚው በዚያው ልክ አልጨመሩም። አንዲት ወላድ ዙሪያዋን ነጭ ጋወን በለበሱ ተማሪዎች ትከበባለች፤ እጁን የሚያሠራው አንዱ ነው፣ ሌሎቹ ከኋላ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አንዳንዱ ተማሪ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ በዓይኑ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። ኬዙ ቢመጣ እንኳ በዚያ ሰዓት ተማሪ ወደ ፊት አይገፋም፤ መገፋትም የለበትም። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ብሂል በትምህርት ስምም ቢሆን ወቀሳ ነው።

ከዚህ ሌላ ፈተናው አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና ባለሙያዎች ብሔራዊ የብቃት ምዘና ፈተና ይሰጣል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ተማሪው ጊዜውን ለምርጫ ጥያቄ ማዋሉ አይገርምም። ነገር ግን ሌሊት በቃሬዛ የመጣች ሴት ከአራት ምርጫ አንዱን ይዛ አትመጣም።

የጉዳዩን ክብደት ቁጥሮቹ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በዚያው ጥናት 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት 48 በመቶ ደረሱ። በእነዚያው ጥናቶች በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ሕፃናት ግን ከ1,000 ከ29 ወደ 33 ታይተዋል። እናቶች ወደ ጤና ተቋም መምጣታቸው ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሚቀበላት ባለሙያ በዚያች ሰዓት የሚያደርገውን ማወቅ አለበት።

ከጨርቅ ማህፀን እስከ ስልክ

በሰው ፈንታ በምስል መለማመድ የኮምፒዩተር ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊቷ አዋላጅ ማዳም ዱ ኩድሬ ከጨርቅና ከቆዳ የሠራችውን የወላድ ምስል ይዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1759 ከንጉሥ ሉዊ 15ኛ በተሰጣት ፈቃድ፣ በየገጠሩ እየዞረች አዋላጆችን አስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካ ውስጥ የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት፣ አሻንጉሊት ሠሪዋ ማርታ ቼዝ የሠራችውን ሰው የሚያክል ምስል ተቀበለ፤ ተማሪዎቹ «ሚስስ ቼዝ» ይሏት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ኖርዌያዊው አሻንጉሊት ሠሪ ኦስሙንድ ላርዳል ትንፋሽ መስጠት የሚያለማምደውን «ሪሰሲ አን» አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ሐዋርድ ባሮውስ የሚባል ሐኪም በሎስ አንጀለስ ጤነኛ ሰው አሠልጥኖ እንደ ታማሚ እንዲተውን አደረገ። ተማሪው የሚጠይቀውና የሚመልስለት፣ የሚያዝንና የሚቆጣ ታካሚ የተገኘው ያን ጊዜ ነው።

ይህ የመጨረሻው ዘዴ ጠቃሚ ቢሆንም ውድ ነው። ተዋናይ ይከፈለዋል፣ ይሠለጥናል፣ ይደክመዋል። ለሠላሳ ተማሪ አንዱን ታሪክ ሠላሳ ጊዜ በእኩል ሁኔታ መተወን ይከብደዋል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በጽሑፍ የተሰጠውን ባሕርይ ይዞ ለሰዓታት የሚነጋገር ፕሮግራም ኢንተርኔት ካለው ስልክ የሚገኝ ሆኗል።

በአስመስሎ ልምምድ የሚገኘው ትምህርት እውነተኛ መሆኑ በጥናት ተፈትሿል። የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ምክር ቤት በ10 ትምህርት ቤቶች አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው ጥናት፣ ከሆስፒታል የተግባር ሰዓት እስከ ግማሹ በአስመስሎ ልምምድ ቢተካ ተማሪዎቹ በዕውቀትም በብቃትም እንደማያንሱ አሳይቷል። ጥናቱ ግን ጠንካራ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ልምምዱን የሚመሩት መምህራን ለዚሁ የሠለጠኑ ይሁኑ፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም ተማሪውና መምህሩ ተቀምጠው የሆነውን ይገምግሙ። ልምምድ ያለ ግምገማ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

በምዕራቡ መንገድ ላይ የተፈተነ ነገር

ከአምቦ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ነቀምትን አልፎ ጊምቢ ይደርሳል። የነርስነትና የወሊድ ታሪክ በዚህ መንገድ ላይ አሳዛኝ ምዕራፍ አለው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት የተማሩ ባለሙያ ነበሩ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው የታነጸው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው። የንጉሠ ነገሥት ልጅነትም ሆነ የነርስነት ሙያ ከዚህ አደጋ አላስጣላቸውም።

ከሰባ ዓመት በኋላ በዚሁ መንገድ ጫፍ፣ በጊምቢና በአካባቢዋ፣ ስልክ የጤና ባለሙያን ያስተምር እንደሆነ ተፈተነ። የዴንማርኩ ማተርኒቲ ፋውንዴሽን ከሁለት የዴንማርክ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያዘጋጀው «ሴፍ ደሊቨሪ አፕ» በካርቱን ፊልሞች የድንገተኛ ወሊድ እርዳታን ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በጃማ ፔዲያትሪክስ መጽሔት የታተመው ጥናት 73 የጤና ተቋማትን፣ 176 ባለሙያዎችንና 3,601 ሴቶችን አካቷል። አፑን ያገኙት ባለሙያዎች የደም መፍሰስን በመቆጣጠርና መተንፈስ ያቃተውን ሕፃን በመርዳት ያላቸው ችሎታና ዕውቀት በጉልህ ጨመረ። በወሊድ ጊዜና በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱት ሕፃናት አፑ ባለባቸው ተቋማት ከ1,000 ወሊድ 14፣ በሌሎቹ 23 ነበሩ። ልዩነቱ ግን በአጋጣሚ ሊመጣ የማይችል ነው ለማለት የሚያስደፍር አልነበረም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። በኦሮሚያ ገጠር የምትሠራ ባለሙያ በስልክ ተምራ ችሎታዋን ታሻሽላለች፤ ይህ ተረጋግጧል። ችሎታ መሻሻሉ ሕይወት ማዳኑን ለማሳየት ግን ሰፊና ጥንቁቅ ጥናት ይጠይቃል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት አቀንቃኞች ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ ይዘልሉታል።

አንዱ ኬዝ እንዴት ይሠራል?

ከላይ ያየነውን የሸነን ኬዝ ለማዘጋጀት ፕሮግራም ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም። መምህሯ በአንድ ገጽ የምትጽፈው አራት ነገር ነው።

የመጀመሪያው የታካሚዋ ማንነት ነው፦ ዕድሜዋ፣ ስንተኛ ልጇ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣች፣ አብረዋት ያሉት እነማን እንደሆኑ። ሁለተኛው ካልተጠየቀ የማይነገር ምስጢር ነው። በእኛ ኬዝ ወላዷ በፊተኛው ልጇም ደም ፈሷት ነበር፤ ይህን የምትናገረው ግን አማቷ ራቅ ካሉና ነርሷ በለሆሳስ ከጠየቀቻት ብቻ ነው። ሦስተኛው ጠባይ ነው፦ አማትየዋ ይቸኩላሉ፣ ለወላዷ ይመልሱላታል፣ የሕክምና ቃል አያውቁም። አራተኛውና ዋናው የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። ስትገባ የልብ ምቷ በደቂቃ 120፣ የደም ግፊቷ 90/60 ነው። ተማሪዋ ማህፀኑን ካሸች፣ ኦክሲቶሲን ከጀመረች፣ ከግሉኮስ ይልቅ ተገቢውን የደም ሥር ፈሳሽ ለይታ ከሰጠች፣ 1 ግራም ትራኔክሳሚክ አሲድ ከጨመረች፣ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭና የተቀደደ ቦታ ካየች፣ እርዳታ ከጠራችና አምቡላንስ ካዘዘች ቁጥሮቹ ቀስ በቀስ ይስተካከላሉ። ከዘገየች ምቷ 140 ይደርሳል፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ንግግሯ ይቆራረጣል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹን ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ራሱ እንዲፈጥራቸው መተው አይገባም። ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም በመሠረቱ ከተነገረው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል የሚገምት ነው፤ አሳማኝ ንግግር ይችላል፣ የሰውነትን አሠራር ግን አያሰላም። ስለዚህ የወላዷን ንግግር እሱ ያሰማ፤ ምቷንና ግፊቷን ግን መምህሯ የጻፈችው ሰንጠረዥ ይወስን። ይህ ከተጠበቀ ከአንድ ኬዝ ሃያ ማውጣት ቀላል ነው። በአንዱ የደሙ ምክንያት የማህፀን አለመኮማተር፣ በሌላው የቀረ የእንግዴ ልጅ፣ በሦስተኛው መቀደድ፣ በአራተኛው የደም አለመርጋት ይሆናል። ተማሪው የጓደኛውን መልስ ሸምድዶ ሊገባ አይችልም።

ልምምዱ በተለይ ማስተዋልን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው «ኢ-ሞቲቭ» ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች የተካሄደ ነው። በተለመደው አሠራር ከሚከሰተው የደም መፍሰስ በጊዜ የሚታወቀው ግማሹ ገደማ ብቻ ነበር። ደሙን በሚለካ ፕላስቲክ ተቀብለው፣ አምስት የእርዳታ እርምጃዎችን ባንድነት በወሰዱት ሆስፒታሎች ከባድ ጉዳት በ60 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒቶቹ አዲስ አልነበሩም፤ የተለወጠው ቶሎ ማየትና ቶሎ መነሣት ነው። «ስንት ጨርቅ ረጠበ?» ብሎ መጠየቅን ደጋግሞ ማለማመድ ደግሞ ማሽኑ የማይሰለቸው ሥራ ነው።

የሸነን እናት በየትኛው ቋንቋ ትናገራለች?

የምዕራብ ሸዋ ተማሪ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይማራል፣ ታካሚውን በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ያነጋግራል፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ ከሆነ ደግሞ በአማርኛ አስቦ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእንግሊዝኛ ያለው ብርታት በእነዚህ ቋንቋዎች የለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተማረው ከኢንተርኔት ጽሑፍ ነው፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ትንሽ ነው። የጎግል ትርጉም አማርኛን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016፣ አፋን ኦሮሞን በ2022 ነው። የግዕዝ ፊደል በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ በብዙ ቁርጥራጭ ስለሚከፋፈል አማርኛ ወጪውም ይበዛል። አፋን ኦሮሞ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ስለሚጻፍ ይህ ጫና ይቀንስለታል፤ የጽሑፍ እጥረቱ ግን ይብስበታል። የገጠር እናት ንግግር ሰምቶ ወደ ጽሑፍ መለወጥ ከሁሉም ይከብዳል።

ይህ እስኪሻሻል የሚሠራ መንገድ አለ። የታካሚዋን ቁልፍ መልሶች የአካባቢው ነርሶች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አስቀድመው ይጻፉ፤ ፕሮግራሙ ከእነዚያ እየመረጠ ይመልስ። ማሽኑ ያቀላጥፋል፣ ቃሉ ግን የሰው ይሆናል። ሆድ ቁርጠትን፣ ማዞርን፣ ደም መፍሰስን አንድ የጅባት ገበሬ እንዴት እንደሚናገር የሚያውቁት አሥር ዓመት በጤና ጣቢያ ተረኛ ሆነው ያደሩ ሲስተሮች ናቸው።

የሚያሳስተው ምን ላይ ነው?

የመጀመሪያው አደጋ ታካሚው ቸር መሆኑ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ለማስደሰት ስለተገሩ፣ ተማሪው «ምን ሆነሻል?» ሲል ታሪኩን በሙሉ ዘርግፈው ይሰጡታል፤ አልፎ አልፎም የበሽታውን ስም ራሳቸው ይጠሩለታል። በእውነተኛው ዋርድ ግን ሰው ያፍራል፣ ይፈራል፣ አማቱ ፊት አይናገርም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የተባለው ሰው ስለሚሸሽግ ነው። ተማሪው ሁሉን የሚናገር ታካሚ ከለመደ ሸነን ሲደርስ ዝምታን ማንበብ ያቅተዋል።

ሁለተኛው የሌላ አገር ሆስፒታል ነው። በነጻ ከተተወ ፕሮግራሙ «ሲቲ ስካን ይታዘዝ»፣ «የደም ባንክ ይጠራ» ይላል። ጤና ጣቢያ ደም አይሰጥም፤ ሪፈር ይጽፋል። ትክክለኛው ኬዝ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ አምቦ የሄደበት፣ መብራት የጠፋበት፣ ክረምት ሆኖ መንገዱ የጨቀየበት ነው። ተማሪዋ እስከዚያ ድረስ ምን ታደርጋለች? የልምምዱ ቁም ነገር ይህ ነው።

ሦስተኛው እጅ ነው። በስልክ ማህፀን ማሸት አይለመድም። ለዚህ ማኒኪን፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው ላርዳል ግሎባል ሄልዝ ለድሃ አገሮች እንዳዘጋጀው «ማማናታሊ» ያለ፣ አስተማሪዋ ሆዷ ላይ የምታስረውና ቀይ ውኃ የሚፈስበት ቀላል መሣሪያ ያስፈልጋል። የተሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው፤ አንዷ ተማሪ እጇን በመሣሪያው ላይ ታሠራለች፣ ላፕቶፑ አማትየዋን ሆኖ ይናገራል፣ መምህሯ ትታዘባለች።

አራተኛው ምስጢር ነው። እውነተኛ የታካሚ ካርድ ወይም ፎቶ ወደ ውጭ አገር ፕሮግራም መጫን ለማንም ሊፈቀድ አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ የሚሻ አድርጎ ያያል። ኬዙ የተፈጠረ ይሁን፤ የእውነተኛ ሰው ታሪክ ከሆነም ስሙ፣ ቀበሌውና ቀኑ ተለውጦ ማንም የማያውቀው ይሁን።

ከየት ይጀመር?

አገሪቱ ተቋም የላትም ማለት አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አለ፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ አጽድቋል። አምቦ ዩኒቨርሲቲም የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅና ሪፈራል ሆስፒታል አለው። የሚያስፈልገው ትልቅ ሕንፃና ከፍተኛ በጀት አይደለም። አንድ ላፕቶፕ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ክፍት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል፣ በአንድ ገጽ የተጻፉ ኬዞች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከልምምዱ በኋላ ከተማሪው ጋር የሚቀመጥ መምህር በቂ መነሻ ነው። ፕሮግራሙ የንግግሩን ቅጂ ያስቀምጣል፤ መምህሩ የት እንደዘገየች፣ ምን ሳትጠይቅ እንዳለፈች በጽሑፍ ያሳያታል። ውጤት መስጠት ግን የመምህሩ ሥልጣን ሆኖ ይቆይ።

የዚህ ዘገባ ፍርድ ይህ ነው፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለምዕራብ ሸዋ ነርስ ተማሪ የሚጠቅመው ታካሚዋ የምዕራብ ሸዋ ሴት ከሆነች ብቻ ነው። ከውጭ ተተርጉሞ የመጣ ኬዝ የውጭ ሆስፒታል ያስተምራል። ስለዚህ በአምቦ፣ በጌዶ፣ በጊንጪና በሸነን የምትሠሩ ነርሶች፣ አዋላጆችና መምህራን፣ የመጀመሪያዎቹን ኬዞች እናንተ ጻፏቸው። ያስጨነቃችሁን ሌሊት፣ ያመለጣችሁን ምልክት፣ የአማትየዋን ቃል ስሙን ቀይራችሁ አስፍሩት። የኮሌጅ ኃላፊዎች ደግሞ ለዚህ ሥራ የመምህራኑን ሰዓት ቁጠሩላቸው፤ ማኒኪን ከመግዛታችሁ በፊት በግምገማ አመራር አሠልጥኗቸው። ከዚያም በተለማመዱትና ባልተለማመዱት ተማሪዎች መካከል ልዩነት መኖሩን እንደ ጊምቢው ጥናት መዝናችሁ፣ ውጤቱ ቢያምርም ባያምርም አሳትሙት።